የዞሪና ጆሮና የሶላር ስባሪዎች

ሞንታዝን የቻር ቦግዶላ ሰው «መስታወት ለቃሚው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ያ ክፉ በረዶ በወረደበት ዓመት ነው። ጀሙና ወንዝ አሸዋ አምጥቶ አምጥቶ በሠራት በዚያች ደሴት ላይ፣ በየቤቱ ጣሪያ የተሰቀለው ሶላር ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዳልነበረ ሆነ። ሌላው ሰው የተበሳሳ ቆርቆሮውን እያየ አላህን ሲማጸን፣ ሞንታዝ ሽርጡን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጆንያ አንግቶ፣ ከጭቃው ውስጥ ስባሪ ሲለቅም ዋለ።

«ሞንታዝ ወንድሜ፣ ዛሬ ደግሞ የመስታወት ሾርባ ነው?» አለው ጎረቤቱ ጀልባ ቀዛፊው ኮፊል።

«አዎ፣ ለአንተ ነው። ምናልባት ያን ምላስህን ቢቀንስልን።»

ሶላሮቹን መጀመሪያም ቤት ለቤት እየዞረ የሰቀላቸው እሱ ነበር። አንድ ድርጅት ቀጥሮት አሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ሥራ ኖሯል። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለሞንታዝ የቀረው የእጁ ሙያና የኤሌክትሪክ ኃይል የሚለካበት አንድ አሮጌ ቴስተር ነው። ስለዚህ ሌላው የጣለውን ያነሳል። ሶላር እንደ ማሰሮ አይደለም፤ ቢሰበርም ስባሪው በሕይወት አለ። ጥፍር የምታክለውም ብትሆን ፀሐይ ካየች ግማሽ ቮልት ትሰጣለች፤ ትልቁም የሚሰጠው ያንኑ ግማሽ ነው፤ የሚበልጣት በሚያወጣው ኃይል ብዛት ብቻ ነው። «ድሃም ሀብታምም ቁመቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው ጎተራው ነው» እያለ ያስረዳ ነበር፣ ጆሮ የሚሰጠው ባይኖርም።

ከእነዚያ ስባሪዎች የመስጊዱን ሰዓት አስነሳ። ለኮፊል ጀልባ በጉም ጊዜ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት ሠራለት። ለአንዲት አሮጊት ባትሪ የማትጠይቅ ሬዲዮ ሠራላት፤ አሮጊቷ እስክትሞት ድረስ ሰው ሲመጣባት ሬዲዮዋን በጉያዋ ትሸሽግ ነበር። ትንሽ ኃይል የሚበላ ዕቃ ሁሉ የሞንታዝ ወዳጅ ነበር። ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን ይዘው ሲመጡበት «ይሄን ሆዳም መንግሥት ይመግበው» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ሚስቱ ዞሪና በበኩሏ በዘፈን የታወቀች ሴት ነበረች። ከሠርግ በፊት ሙሽራ እርድ በምትቀባበት ቀን እሷ ካልተገኘች ሴቶቹ አፋቸውን አይከፍቱም። ግጥሙን የምታወጣው እሷ፣ የሙሽራውን እናት በዘፈን የምትሰድበው እሷ፣ ሰውን ስታስቅ ውላ በመጨረሻ የምታስለቅሰውም እሷ። አንድ ልጅ ብቻ ወልደዋል። ሚናራ ትባላለች፤ ዳካ አጠገብ ጋዚፑር ውስጥ የልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ዞሪና እንደ አገሩ ወግ የባሏን ስም አፏ ላይ አታመጣም። «የሚናራ አባት» ነው የምትለው፤ ስትናደድ ብቻ «አንተ ሰውዬ» ይሆናል።

ጆሮዋ መድከም የጀመረው ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። መጀመሪያ የጠፋት የጫጩት ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ሰው ከኋላዋ ሲጠራት ዝም ማለት ጀመረች፤ ኮራች ተባለ። ከዚያ ደግሞ ያልተጠየቀችውን ትመልስ ጀመር። አንድ ጠዋት የኮፊል ሚስት «እሳት አለሽ?» ብላ ብትመጣ፣ «ደህና ነው፣ ዓሣ ሊገዛ ተሻግሯል» ብላ መለሰችላት። በዚህች ወሬ በደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር ሲሳቅ ሰነበተ። ዞሪና ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር ከሴቶቹ ጋር ልብስ ማጠቡን ተወች። ውሃ ቀድታ ጓሮዋ ታጥባለች፤ ሰው ሲመጣ ሥራ እንደበዛበት ሰው ወደ ውስጥ ትገባለች።

በጀልባ እየዞሩ የሚያክሙ ሐኪሞች ወደ ቦግዶላ የመጡት በዚያን ሰሞን ነው። ጆሮዋን መረመሩና ከጆሮ ጀርባ የምትንጠለጠል የመስሚያ መሣሪያ ሰጧት፤ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክሉ ባትሪዎችም አብረው ሰጧት። ቤት ገብተው ሞንታዝ ያደረ ሩዙን በቃሪያ እየበላ ሳለ፣ ዞሪና ድንገት ቀና ብላ አፈጠጠችበት።

«ምነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ስትበላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጮኸው?»

ሞንታዝን ሩዙ ከሳቁ ጋር ትን አለው። ዞሪና ያን ቀን ዶሮዎቹን ከወዲያ ወዲህ እያባረረች ድምፃቸውን ስትሰማ ዋለች፤ ዶሮዎቹ ምን እንዳደረጓት አልገባቸውም።

አንዷ ባትሪ አሥር ቀን ያህል ነው የምትቆየው። አምስት ወር ሲሞላ አለቁ። የሐኪሞቹ ጀልባ ያኔ ወደ ላይኛው ወንዝ ወጥቶ ነበር፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ሞንታዝ ተሻግሮ የጋይባንዳን ገበያ ቢዞር የሰዓት ባትሪ እንጂ የጆሮ ባትሪ የሚያውቅ ጠፋ። አንድ ነጋዴ ፈላልጎ ያመጣለትም መደርደሪያ ላይ አርጅቶ የሞተ ሆኖ ተገኘ። ሲመለስ ዞሪና ደጅ ቆማ እጁን እጁን አየች። ባዶ መሆኑን ስታይ ምንም ሳትናገር ወደ ምድጃዋ ገባች።

በነጋታው ሞንታዝ ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈው።

ሁለት ጣት ስፋት ያላቸው አምስት ስባሪዎች መረጠ። ጠርዛቸውን ሲያስተካክል ሦስቱ እጁ ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ደቀቁ፤ ሌላ መረጠ። የመበየጃ ብረቱን በፍም አግሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የአንዱን ሆድ ከሌላው ጀርባ ጋር በቀጭን ሽቦ በየዳቸው። ከተጣለ የግቢ መብራት ውስጥ ያወጣትን በፀሐይ የምትሞላ ትንሽ ባትሪ ጨመረ። ቀን የገባው ኃይል ሲጨልም በመጣበት እንዳይመለስም፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ዳዮድ በመሀል አስገባ። አሁን የቀረው መሣሪያዋ ውስጥ መግቢያ ማግኘት ነበር። ቀርከሃ ጠረበ፤ በሁለት ፊቱ መዳብ ለጥፎ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል የውሸት ባትሪ ሠራና በእውነተኛዋ ቦታ ከተታት። ከእሷ ፀጉር የመሰሉ ሁለት ሽቦዎች ወጥተው፣ በዞሪና አንገት ሥር በሳሪዋ ውስጥ ለውስጥ አልፈው፣ ትከሻዋ ላይ ወደ ተሰፉት ስባሪዎች ይወርዳሉ።

«ላም አስመሰልከኝ እኮ» አለች ገመዱን እየነካካች።

«ላም ሶላር አትለብስም። ይልቅ ጀርባሽን ለፀሐይ ሰጥተሽ ቃሪያሽን አስጪ።»

ጀርባዋን ሰጥታ ቃሪያዋን ስትበትን ቆየች። የቀትር አዛን ከመስጊዱ ሲነሳ እጇ ቀጥ አለ። ቃሪያው ከጣቶቿ እየተንጠባጠበ፣ ሙአዚኑ እስኪጨርስ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ሞንታዝ ፊቷን አንድ ጊዜ አየና ቤት ገባ። ምን ሊያመጣ እንደገባ እሱም አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ደህና ነበሩ። ዞሪና ወንዝ ዳር ወረደች፣ ሠርግ ተጠራች። ልጃገረዶቹ ትከሻዋን እየዳሰሱ «አክስቴ፣ ይሄ ጌጥ ስንት ይገኛል?» ይሏታል፤ «መስታወት ለቃሚ ማግባት ነው» ትላቸዋለች። የሚያስቸግረው ክረምቱ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ሳምንት ሁለት ሳምንት ፀሐይ አትታይም፤ አምስት ስባሪ ከደመና የሚያልበው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሞንታዝ በቴስተሩ ለካና በቀን አንድ ሰዓት ብቻ እንደሚያደርስ አወቀ።

«ቀኑን ሙሉ ከፍተሽ አትዋይ፤ አንድ ሰዓት ምረጪ» አላት።

ዓርብ የሚናራ ስልክ ነው፤ እሱ የታወቀ ነው። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ለምሳ ሰዓት፣ እሱ ገብቶ ለሚጨዋወቱበት ታቆየዋለች ብሎ ነበር ሞንታዝ የገመተው። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዝናብ አባሮት ቤት ቢገባ፣ ዞሪና መሣሪያዋን ከፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ማን መጥቶ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን እየሰማሽ ነው?»

በጣቷ ጣሪያውን አሳየችው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

«ዝናብ? ፀሐይ የነሳንን ዝናብ ለመስማት ነው ያለችንን የምትጨርሺው?»

«የሚናራ አባት፣ አንተን አፍህን አይቼ አውቅሃለሁ። ከተጋባን ጀምሮ የምትናገረው ያንኑ ነው። ዝናብ ግን አፍ የለውም።»

ሞንታዝ እርጥብ ሸሚዙን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠና ሰዓቷ እስክታልቅ አብሯት ሰማ።

በሦስተኛው ዓመት ዞሪና ስለ መሣሪያው «ደክሟል» ማለት ጀመረች። ሞንታዝ የሚደክም ነገር የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ኃይል። ባትሪውን ለካ፤ ቴስተሩ ሙሉ ነው አለው። ቴስተሩ አርጅቷል ብሎ ከጋይባንዳ ሌላ ተውሶ መጣ፤ እሱም ሙሉ ነው አለው። ቢሆንም አላመነም። አምስቱን ስባሪ ስምንት አደረገ፣ ስምንቱን አሥራ ሁለት። ሁለተኛ ባትሪ ጨመረ። የትከሻዋ ጨርቅ ክብደቱን መሸከም አቅቶት ተቀደደ፤ ከአሮጌ ጃንጥላ ሌላ ሰፋ። የሰው ሬዲዮና ስልክ ሳይጠገን ይከመርበታል፤ እሱ አቀርቅሮ ስባሪ ይበይዳል።

«አሁንስ በዛ» አለ ኮፊል አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ። «እንዲህ ከሆነማ የመብራት ሰዎች መጥተው ከሚስትህ ይግዙ እንጂ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሞንታዝ የሚመልስለት አያጣም ነበር። ያን ቀን ቀና ብሎም አላየው።

አዲስ ነገር በጨመረ ቁጥር ዞሪና ፊት ቁጢጥ ይልና «አሁንስ?» ይላታል። እሷም አፉን አየት አድርጋ «አሁን ደህና ነው» ትላለች። «ከትናንቱ ይሻላል?» «ይሻላል።» ያን ጊዜ የሞንታዝ ፊት እንደ ልጅ ይበራል። የዚያን ቀን ሩዙን ሁለት ጊዜ ጨምሮ ይበላል።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ኮፊል ልጁን ዳረ። እርድ በሚቀባበት ቀን ዞሪና ከማንም ቀድማ ተጠርታ ሄደች። ሞንታዝ ከአጥሩ ውጭ የድምፅ ማጉያውን ሽቦ እያያያዘ ነበር፤ ሴቶቹ ጭብጨባ ሲጀምሩ እጁን አቆመ። የዞሪና ድምፅ ወጣ፤ ገና ሲወጣ ከቦታው ስቶ ነበር። ከፍ ብሎ እንደ ተሰነጠቀ ደወል ይጮኻል። ሴቶቹ ሲቀበሏት እሷ ሌላ ስንኝ ላይ ናት፤ እነሱ ሲያቆሙ እሷ ትቀጥላለች፤ ያለቀውን ስንኝ እንደገና ከመጀመሪያው ታነሳዋለች። ልጃገረዶቹ በሳሪያቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው እርስ በርስ ተደጋገፉ። አንዲት ሽማግሌ ሴት ብቻ ለመሸፈን ብላ ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች።

ሞንታዝ ወደ ኮፊል ዞረ። ምላሱን ለአፍታ እንኳን የማያሳርፈው ኮፊል አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል። ሞንታዝን ከሁሉ በላይ ያስፈራው ይህ ነበር።

«ባትሪው ወርዶባት ነው» አለ ሞንታዝ።

«አዎ፣ ባትሪው ነው» አለ ኮፊል ቀና ሳይል።

ዞሪና ግንባሯ ላይ እርድ እንደተቀባ ወደ ቤት ተመለሰች።

«እንዴት ነበር?» አለችው።

«ጥሩ ነበር።»

«ሰው ሳቀ?»

«ሳቀ። ማሳቅ አይደል ሥራሽ!»

በማግስቱ እሷ ውሃ ስትቀዳ ሞንታዝ መሣሪያውን ፈታው። ሌላ ስባሪ ሊጨምር ነበር ሐሳቡ። የቀርከሃዋን ባትሪ ሲያወጣት መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። የሽቦውን ልባስ በጥፍሩ ሲልጠው፣ ላብ በልቶት ከመሀሉ ተበጥሷል፤ ሁለቱም ጫፉ ጠቁሮ በአሮጌ ዝገት ተሸፍኗል። ሞንታዝ ዝገት ያውቃል። ይህ የትናንት አይደለም፤ የሳምንትም አይደለም። ክረምቱ ሳይጋመስ የተበጠሰ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያ መሣሪያ ውስጥ ቅንጣት ኃይል አላለፈም። እሱ ግን በየቀኑ «አሁንስ?» እያለ ጠይቋል፤ እሷም በየቀኑ «ይሻላል» ብላለች።

ሽቦውን ሳይቀጥል መልሶ ገጠመው። ዞሪና መጥታ ለበሰችው፤ እንደ ልማዷ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ቃሪያዋን ትበትን ጀመር። ሞንታዝ ሦስት እርምጃ ከኋላዋ ቆመ።

«ዞሪና» አላት።

ቃሪያውን ትበትናለች።

«ዞሪና! ቤቱ ተቃጠለ! ዞሪና!»

ዶሮዎቹ እየጮኹ ተበተኑ። የኮፊል ሚስት ባልዲዋን ይዛ እየሮጠች አጥሩ ጋ ደረሰች። ዞሪና የበሰበሰውን ቃሪያ ከደህናው እየለየች ወደ ጎን ታስቀምጣለች፤ አንድ፣ ደግሞ አንድ።

ሞንታዝ ዞሮ ፊቷ ቆመ። ሽቦውን ከአንገቷ ሥር ስቦ አወጣና የተበጠሰውን ቦታ መዳፉ ላይ አሳያት። ዞሪና አየችው፤ እጇን በሳሪዋ ጠረገች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«ሽቦው ነው ወይስ ጆሮዬ?»

«ሁለቱም።»

«የሽቦውን አላውቅም። ጆሮዬ ግን በክረምቱ፣ ቃጫው ሳይታጨድ ነው ጨርሶ የዘጋው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ዞሪና የተቃጠሉ ጣቶቹን አየት አደረገች። «ብነግርህ ያ እጅህ ምን ይሠራ ነበር?»

ሞንታዝ መዳፉን በሽቦው ላይ ጨበጠ። እሷ ናት የቀጠለችው።

«ትናንት እንዴት ዘፈንኩ?»

«ጥሩ ነው አልኩሽ...»

«የሚናራ አባት፣ እኔ እኮ ፊት ነው የማነበው። የልጃገረዶቹን ፊት ያላየሁ መሰለህ? አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ እንጂ።»

ሞንታዝ ግን እጁን አልሰጠም። ሽቦውን ቀየረ፣ መዳቡን አደሰ፣ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞላና የመሣሪያውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው። መሣሪያው ጆሮዋ ላይ ማፏጨት ጀመረ። ፉጨቱን ሞንታዝ ሰማ፤ አጥር ጥግ የተኛው ውሻ ሳይቀር ሰምቶ ተነሳ። እሷ በትዕግሥት ፊት ፊቱን ታያለች፣ ምን ብላ መመለስ እንዳለባት ልታውቅ።

በሳምንቱ ጀልባና ሁለት አውቶቡስ ይዘው ራንግፑር ከተማ ሄዱ። ሆስፒታሉ ውስጥ ዞሪናን ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስቀምጠው መረመሯት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ አፏን በጭንብል ሸፍናለች። ውጤቱን ከማውራቷ በፊት የሞንታዝን ሥራ አንስታ ገለባበጠችው። የቀርከሃዋን ባትሪ ስታይ ባልደረባዋን ጠራች፤ «ና እስኪ ይሄን እይ!»

«አጎቴ፣ ይሄን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ማሻአላህ። ሁለት ዓመት ሠራ ነው የሚሉኝ?»

«ሁለት ዓመት ከምናምን። ኃይሉ ይሆን ያነሰው፣ ዶክተር? ስባሪውን ወደ ሃያ ማድረስ እችላለሁ፤ ቦታ ብቻ...»

«ኃይሉ ከበቂ በላይ ነው። ይሄ መሣሪያ የሚፈልገው ትንሽ ነው፤ እርስዎ የሰጡት ብዙ ነው።» ሥራውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ሰው በሌለበት ቤት በር ቢንኳኳ ማን ይከፍታል፣ አጎቴ? ውስጥ የሚቀበለው ሞቷል።»

ተምሮ የመጣ ሰው ሥራውን ሲያደንቅለት በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር፤ አድናቆቱ የመጣውም በዚያች ቀን ሆነ። ሐኪሟ ዳካ ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ቀዶ ሕክምና አነሳች፣ ዋጋውንም ነገረችው። ሞንታዝ ሰማና አንገቱን ነቀነቀ፤ ስለ ሌላ አገር ሰው ኑሮ የተነገረው ያህል ነበር። ሊነሱ ሲሉ መለሰችው።

«ሴት ልጅ አለቻችሁ?»

«አንዲት።»

«ይሄ በዘር የሚወርድ ዓይነት ይመስለኛል። አምጥተው ያስመርምሯት። አሁን ባይታይባትም በኋላ...»

«እሺ» አለ ሞንታዝ።

ስለ ጆሮዋ የተባለውን ለዞሪና እዚያው ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነገራት። አላለቀሰችም። «እኔ አውቄው የለ፤ ለአንተ ነው የመጣነው» አለች። ወደ ደሴቲቱ የሚመልሳቸው ጀልባ ላይ ግን ድንገት እጁን ያዘችው።

«ያቺ ሐኪም መጨረሻ ላይ ምን አለችህ? ፊትህ ተለወጠ። አፏን ሸፍናብኝ አላየሁም።»

«መንገዱ ሩቅ ነው ወይ አለችኝ።»

ዞሪና ከንፈሩን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጁን ለቀቀችና ወደ ውሃው ዞረች።

ቤት ገብቶም ሞንታዝ አንድ ነገር ሞከረ። ከአሮጌ ስልክ ውስጥ የምትንቀጠቀጠውን ሞተር አውጥቶ፣ ከአሻንጉሊት መኪና የነቀለውን የርቀት መቀበያና ሁለት ስባሪ አጣምሮላት፣ ዞሪና ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ ቦርሳ ሠራ። እሱ ቤት ሆኖ ቁልፍ ሲጫን እሷ ጓሮ ሆና እንድታውቅ ነው። ሠራች፤ እጁ የነካው ሁሉ ይሠራል። ዞሪና ግን ከሁለት ቀን በኋላ ፈትታ መለሰችለት።

«ጊንጥ የገባብኝ እየመሰለኝ ስዘል ዋልኩ። ለምን በርቀት ትጠራኛለህ? መጥተህ ፊቴ ቁም። ደሴቲቱ ስንት እርምጃ ናትና!»

ሳቀች። እሱ ለመሳቅ ሞክሮ አቃተው።

ዓርብ ዓርብ ሚናራ ስትደውል ዞሪና ስልኩን ትቀበልና ታወራለች፤ ስለ ዶሮዎቹ፣ ስለ ቃሪያው፣ ወንዙ የኮፊልን ማሳ ጠርዝ እየቆረሰ ስለ መሆኑ። መልስ አትጠብቅም፣ ትንፋሽ ለመውሰድ እንጂ አታቆምም። አጠገቧ የተቀመጠው ሞንታዝ ከስልኩ ውስጥ የልጁን «እማ፣ እማ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ለቅሶ። ዞሪና ስትጨርስ «በይ አላህ ይጠብቅሽ» ትልና ስልኩን ትመልሳለች። በጥቂት ወራት ውስጥ ሚናራ «አባ፣ አንተ ሰላም በልልኝ» ማለት ጀመረች። ዞሪና ስልክ መጥራቱን ከባሏ ፊት ታነባለች፤ እጇን ግን መዘርጋት ተወች።

በሚቀጥለው ክረምት ጀሙና የደሴቲቱን ምዕራባዊ ጎን ይዞት ሄደ። ሞንታዝና ኮፊል ቆርቆሯቸውን ነቅለው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው የጎርፍ መከላከያ ጉብታ ላይ ጎን ለጎን ጎጆ ቀለሱ። እዚያ መብራት አለ፤ ስባሪ የሚፈልግ ሰው የለም። ሞንታዝ ገበያው ውስጥ ሰው ሱቅ ተቀጥሮ የስልክ መስታወት ይቀይራል። መሣሪያዋ፣ ገመዷና የቀርከሃዋ ባትሪ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለው ከጣሪያው ሥር ተሸጉጠዋል።

ሲመሽ ቤት ይገባል። ፊቷ ቁጢጥ ብሎ፣ መብራቱ ከንፈሩ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ፣ ቀስ እያለ መናገር ለደከመ ሰው ሥራ ነው። ለእሷም ቀኑን ሙሉ አፍ ስታይ መዋል ዓይን ያቃጥላል። መጀመሪያ ወሬው አጠረ፤ ከዚያ በእጅ ምልክት ሆነ። አሁን ሩዙን ስታቀርብ እጁን ያነሳል፣ ሲበቃው መዳፉን ይዘረጋል። አንዳንድ ሳምንት ቃል ሳይነጋገሩ ያልቃል። ተጣልተው ግን አያውቁም።

ለዒድ ሚናራ መጣች። ከስታ ነበር፤ አምሮባትም ነበር። በግራዋ በኩል ተቀምጦ ሞንታዝ ሁለት ጊዜ ጠራት፤ አልዞረችም። በሦስተኛው ክንዷን ነካት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የፋብሪካው ማሽን ነው፣ አባ። በዚህኛው ጆሮዬ ይጮህብኛል። ሳርፍ ይተወኛል።»

የሐኪሟ ቃል ሞንታዝ ምላስ ጫፍ ላይ መጣ። አፉን ከፈተ።

«አዎ፣ ማሽኑ ነው» አላት።

ዞሪና ምድጃው አጠገብ ዓሣ ትጠብሳለች። ዓይኗ ግን የሁለቱም ከንፈር ላይ ነበር። ዓሣው እስኪያርር አልገለበጠችውም። ሚናራ ጎረቤት ለመጠየቅ ስትወጣ ወደ ሞንታዝ መጣችና ፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ያቺ ሐኪም ያን ቀን የነገረችህ ይሄንን ነው።»

ራሱን ነቅንቆ አዎ አላት።

ዞሪና ወደ በሩ ዘወር ብላ ሚናራ አለመመለሷን አየች። ስትናገር ድምጿ ከቦታው ወጥቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ሞንታዝ በእጁ ቀስ በይ አላት።

«አትንገራት» አለች ዝቅ ለማድረግ እየታገለች። «እኔ ገና ሳይዘጋብኝ መዝጋቱን ሳስብ ነው የመስሚያ ዕድሜዬን የጨረስኩት። ቢያንስ እሷ ይሄን አትየው።»

«ብትታከምስ?»

«በምን?»

ከዒዱ በኋላ በአራተኛው ቀን ሚናራ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እናቷ የደረቀ ቃሪያ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠቻት፤ አባቷ ቦርሳዋን እስከ መንገዱ ተሸከመላት። የነገራት የለም።

ሚናራ ዛሬም ጋዚፑር ናት። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። በቅርቡ በስልክ ጮክ ብላ ማውራት ጀምራለች፤ ሞንታዝም ስልኩን ከጆሮው ትንሽ ራቅ አድርጎ ይሰማታል።